የጄት ሞተርን ገፊ ኃይልና ጉልበት በሞመንተም ማስላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች በጎንደር የፊዚክስና የምህንድስና ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ምሳሌዎቹን ሆን ብለን ወደ አዘዞው አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አምጥተናቸዋል። የመማሪያ መጻሕፍት ሞተር ሁልጊዜ ባሕር ጠለል ላይ ነው የሚሠራው፤ እኛ ግን ያለነው ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

በዚህ ገጽ ገፊ ኃይል ማለት በኒውተን የሚለካው፣ ጉልበት ማለት በዋት ወይም በፈረስ ጉልበት የሚለካው፣ ግፊት ማለት ደግሞ በፓስካል የሚለካው ነው። ሦስቱ ከተደባለቁ ስሌቱ ገና ከመጀመሪያው መስመር ይበላሻል።

ጄቱ የሚገፋው ከኋላው ያለውን አየር ነው?

አይደለም። ሞተሩ የሚገፋው በውስጡ የሚያልፈውን አየር ነው፤ ያ አየር መልሶ ሞተሩን ይገፋዋል። ጋዙ ከወጣ በኋላ ከውጭው አየር ጋር ቢጋጭም ባይጋጭም ለገፊ ኃይሉ ምንም አይጨምርም። እንዲያውም ባዶ ሕዋ ውስጥ ሮኬት ከመሬት ይልቅ የበለጠ ገፊ ኃይል ይሰጣል፤ የውጭ ግፊት ከኋላ የሚከላከለው የለምና።

መሠረታዊው ስሌት እንዴት ነው?

በሞተሩ ዙሪያ ምናባዊ ሳጥን ይሳሉ። የሳጥኑ የፊት ግድግዳ አየሩ ገና ያልተረበሸበት ቦታ ላይ፣ የኋላው ግድግዳ ደግሞ ልክ የኖዝሉ (የጋዝ መውጫው) አፍ ላይ ይሁን። ውስጥ ስንት የኮምፕሬሰር (የአየር መጭመቂያ) ደረጃ እንዳለ፣ ተርባይኑ (በትኩሱ ጋዝ የሚሽከረከረው ክፍል) እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ አያስፈልግም። የሚጠየቀው በሰከንድ ስንት ኪሎ ግራም አየር ገባ፣ በምን ፍጥነት ገባ፣ በምን ፍጥነት ወጣ የሚለው ብቻ ነው።

ገፊ ኃይል = የአየር ፍሰት × (የመውጫ ፍጥነት − የመግቢያ ፍጥነት)

ፍሰቱ በኪሎ ግራም በሰከንድ፣ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ከሆነ መልሱ በኒውተን ይመጣል። በሰከንድ 50 ኪሎ ግራም አየር የሚስብ፣ በ600 ሜትር በሰከንድ የሚያስወጣ ቱርቦጀት (የሚስበው አየር ሁሉ በማቃጠያው የሚያልፍበት ጄት ሞተር) እንውሰድ። መሞከሪያ ላይ ታስሮ ሲቆም የመግቢያ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ 50 × 600 = 30,000 ኒውተን ይሰጣል። ያው ሞተር 250 ሜትር በሰከንድ እየበረረ ከሆነ 50 × (600 − 250) = 17,500 ኒውተን ይሆናል። ሞተሩ አልደከመም፤ አየሩ ሲገባም ሞመንተም (መጠነ ቁስ × ፍጥነት) ይዞ ስለሚመጣ ያንን መቀነስ ግድ ስለሆነ ነው። ይህ ተቀናሽ የመግቢያ ጎታች ኃይል ይባላል፤ እዚህ 50 × 250 = 12,500 ኒውተን ነው።

ፈተና ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት የመመልከቻ ቦታን ማደባለቅ ነው። ሁለቱም ፍጥነቶች ከአውሮፕላኑ አንጻር ይለኩ፤ አለዚያም ሁለቱም ከመሬት አንጻር። ከመሬት ቆሞ ለሚያይ ሰው አየሩ ሲገባ ዜሮ፣ ሲወጣ 350 ሜትር በሰከንድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ያው 350 ነው። ችግር የሚመጣው መውጫውን ከአውሮፕላኑ፣ መግቢያውን ከመሬት ሲወስዱ ነው፤ ያኔ በበረራ ላይ ያለው ሞተር 30,000 ኒውተን ሰጠ ይባላል።

ነዳጁ አይቆጠርም?

ይቆጠራል፤ ግን የሚቆጠረው በሚወጣው በኩል ብቻ ነው። ነዳጁ ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ ከአውሮፕላኑ አንጻር የመግቢያ ፍጥነቱ ዜሮ ነው።

ሞተሩ በሰከንድ 0.8 ኪሎ ግራም ነዳጅ ካቃጠለ የሚወጣው 50.8 ኪሎ ግራም ነው። ቆሞ ሳለ 50.8 × 600 = 30,480 ኒውተን ይሆናል፤ ጭማሪው 1.6 በመቶ ብቻ ነው። በ250 ሜትር በሰከንድ ግን 30,480 − 12,500 = 17,980 ኒውተን ይመጣል፤ ጭማሪው 2.7 በመቶ ደረሰ። የነዳጁ 480 ኒውተን አልተለወጠም፤ የተጣራው ገፊ ኃይል ሲያንስ ድርሻው ጎላ እንጂ። ለፈጣን ግምት ነዳጁን መተው ይቻላል፤ በበረራ ፍጥነት ለሚሠራ ትክክለኛ ስሌት ግን አይተውም።

የግፊት ጭማሪው መቼ ይገባል?

ኖዝሉ አፍ ላይ ያለው የጋዝ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ሲለይ ነው። ያኔ በቀመሩ ላይ (የመውጫ ግፊት − የውጭ ግፊት) × የኖዝል አፍ ስፋት ይደመራል። የሚወጣው ጋዝ ከድምፅ ፍጥነት በታች ከሆነ ሁለቱ ግፊቶች ራሳቸው ስለሚመጣጠኑ ይህ ቁራጭ ዜሮ ነው። ወደ ኋላ እየጠበበ በሚሄድ ተራ ኖዝል ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት ከውጭው በግምት 1.9 እጥፍ ሲበልጥ ግን አፉ ላይ ጋዙ የድምፅ ፍጥነት ይደርስና ከዚያ በላይ መፍጠን ያቅተዋል፤ ትርፉ በግፊት መልክ ይወጣል። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ የውጭ ግፊት 22.6 ኪሎ ፓስካል ነው። የኖዝሉ አፍ ስፋት 0.2 ካሬ ሜትር፣ የመውጫ ግፊቱ 60 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ጭማሪው 0.2 × 37,400 = 7,480 ኒውተን ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

ጎንደር ላይ ለሚሠራ ሰው እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የአየር ሁኔታ ዘገባም ሆነ የስልክ መተግበሪያ የጎንደር ግፊት ወደ 1015 ሄክቶ ፓስካል ነው ይላል። ያ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ነው። አዘዞ ሜዳ ላይ ባሮሜትር ቢቀመጥ የሚያነበው ወደ 795 አካባቢ ነው። የዘገባውን ቁጥር በቀጥታ ቀመሩ ውስጥ ያስገባ ሰው የውጭውን ግፊት ከሩብ በላይ አጋነነ ማለት ነው፤ በዚያው ቁጥር እፍግታ (በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለውን የአየር ኪሎ ግራም) ካሰላ ደግሞ የአየር ፍሰቱም አብሮ ይበላሻል።

የጎንደር ከፍታ ገፊ ኃይሉን ምን ያህል ይቀንሰዋል?

መልሱ ሁለት ደረጃ አለው፤ ብዙዎች የሚያቆሙት በመጀመሪያው ላይ ነው።

መጀመሪያ የአየሩን እፍግታ እናውጣ። እፍግታ = ግፊት ÷ (287 × ሙቀት በኬልቪን) ነው። በ79,500 ፓስካል፣ ጠዋት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ 79,500 ÷ (287 × 283) = 0.98 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ ሲደርስ 0.92 ይሆናል። ባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ደግሞ 1.225 ነው። ሞተሩ በሰከንድ የሚውጠው የአየር ይዘትና ጋዙ የሚወጣበት ፍጥነት ባይለወጡ ገፊ ኃይሉ እንደ እፍግታው ይወርዳል፦ ጠዋት ወደ 80 በመቶ፣ ከሰዓት ወደ 75 በመቶ። ባሕር ጠለል ላይ 114 ኪሎ ኒውተን የሚሰጥ ሞተር እዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ 86 ይሰጣል።

ሁለተኛው ደረጃ ግን ይህንን ያርመዋል። ሙቀት የድምፅን ፍጥነት ይጨምራል፤ ሞተሩም ትንሽ ፈጥኖ ቢሽከረከር የጋዙ መውጫ ፍጥነት አብሮ ያድጋል። መሐንዲሶች የዘንጉን ፍጥነት በሙቀት ሬሾ (የዕለቱ ሙቀት ÷ የባሕር ጠለሉ 15 ዲግሪ፣ ሁለቱም በኬልቪን) ሥርወ ካሬ አካፍለው የሚያነጻጽሩት ለዚህ ነው። በዚህ የተስተካከለ ፍጥነት ሁለት ሞተሮች እኩል ከሆኑ የገፊ ኃይላቸው ልዩነት የግፊት ሬሾው (የቦታው ግፊት ÷ የባሕር ጠለል ግፊት) ብቻ ነው፤ ለአዘዞ 0.785። ሙቀቱ ከሂሳቡ ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ሞቃት ቀን ለምን ይጎዳል? በ27 ዲግሪ ያንን የተስተካከለ ፍጥነት ለመያዝ ዘንጉ ባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ከሚዞረው 2 በመቶ አካባቢ ፈጥኖ መዞር፣ ተርባይኑ ፊት ያለው ጋዝ ደግሞ በኬልቪን 4.2 በመቶ መሞቅ አለበት። ጋዙ 1500 ኬልቪን ከነበረ 62 ዲግሪ ገደማ ይጨመርበታል። የተርባይን ምላጭ ይህን ያህል ጭማሪ በነጻ አይቀበልም፤ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ነዳጁን ይይዘዋል፤ ገፊ ኃይሉም ከ0.785 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከፍታ በግፊቱ ይቀንሳል፣ ሙቀት ደግሞ በተርባይኑ ወሰን በኩል ይቀንሳል። ሁለቱን በአንድ ቃል "አየሩ ሳሳ" ብሎ ማለፍ ለጋዜጣ ይበቃል፤ ለስሌት ግን አይበቃም።

ታዲያ አውሮፕላኑ ለመነሳት ስንት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል?

ከላይ ያየነውን የከሰዓት የእፍግታ ሬሾ፣ በትክክል 0.753ን፣ እንያዝ። ክንፉ እኩል ለማንሳት እኩል የአየር ግጭት ስለሚፈልግ፣ አብራሪው የፍጥነት መለኪያው ላይ ያው 140 ኖት (በሰዓት 140 የባሕር ማይል) ያያል። እውነተኛው ፍጥነት ግን 140 ÷ √0.753 = 161 ኖት፣ ማለትም 83 ሜትር በሰከንድ ነው። የሚጠራቀመው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በሦስት አንድ እጅ ይበልጣል፤ ገፊ ኃይሉ ደግሞ በሩብ ያንሳል። የጎማና የአየር ጎታች ኃይሎችን ትተን የሩጫው ርቀት 1 ÷ (0.753 × 0.753) = ወደ 1.76 እጥፍ ይሆናል። በተግባር አውሮፕላኑ ጭነት ቀንሶ ይነሳል እንጂ ያን ያህል አይሮጥም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ቦሌም የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ነው።

እግረ መንገዳችንን፦ በመግቢያ ጎታች ኃይል ስሌት ውስጥ የሚገባው መለኪያው ላይ የሚነበበው 140 ሳይሆን እውነተኛው 161 ነው። በአየር ፍሰቱ ላይ እፍግታውን አንድ ጊዜ አስገብተናል፤ ፍጥነቱ ላይ ደግመን ማስገባት አያስፈልግም።

ጄት ሞተር ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?

በምን ፍጥነት ሲበር? ይህ ሳይታወቅ ጥያቄው መልስ የለውም።

የሚገፋ ጉልበት = ገፊ ኃይል × የበረራ ፍጥነት

ፍሬን ይዞ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ የሚያጓራ ሞተር ሙሉ ገፊ ኃይል እየሰጠ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ነዳጁ የት ሄደ ቢባል፣ የወጣውን አየር በማፍጠንና በማሞቅ አለቀ። የእኛ ቱርቦጀት በ250 ሜትር በሰከንድ 17,980 × 250 = 4.5 ሜጋ ዋት ይሰጣል፤ በ746 ሲካፈል ወደ 6,030 ፈረስ ጉልበት ነው። በፓውንድና በማይል ለሚያነብ ሰው አንድ አቋራጭ አለ፦ በሰዓት 375 ማይል ላይ አንድ ፓውንድ ገፊ ኃይል ልክ አንድ ፈረስ ጉልበት ነው።

በይነመረብ ላይ የሚዞሩት "መቶ ሺህ ፈረስ ጉልበት" የሚሉ ቁጥሮች በአብዛኛው የመነሻውን ገፊ ኃይል በከፍታ በረራ ፍጥነት በማባዛት የተገኙ ናቸው። ሁለቱ አብረው አይገኙም። ወደ ጎንደር የሚመላለሰውን ቦይንግ 737-800 እንይ። ከሲኤፍኤም56 ሞተሩ ዓይነቶች አንዱ ባሕር ጠለል ላይ 117 ኪሎ ኒውተን ይሰጣል። 65 ቶን ሆኖ በከፍታ ሲበር፣ የማንሳትና የመጎተት ሬሾው 17 ነው ብንል፣ ጎታች ኃይሉ 65,000 × 9.81 ÷ 17 = 37.5 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ለአንድ ሞተር 19 ገደማ። በማች 0.78 (በድምፅ ፍጥነት 0.78 እጥፍ) ፍጥነቱ ወደ 230 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ እያንዳንዱ ሞተር 4.3 ሜጋ ዋት፣ ማለትም ወደ 5,800 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። 117ን በ230 ያባዛ ሰው ግን 36,000 ፈረስ ጉልበት ያገኝና ይደነቃል።

የቀረው ኢነርጂ የት ይሄዳል?

ለቱርቦጀቱ ሂሳቡን ሙሉ እንዝጋው። ለጋዙ የተጨመረው የእንቅስቃሴ ጉልበት ½ × (50.8 × 600² − 50 × 250²) = 7.58 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ አውሮፕላኑን የገፋው 4.5 ነው፤ 59 በመቶ። የቀረው ወደ 3.1 ሜጋ ዋት ከመሬት አንጻር በ350 ሜትር በሰከንድ እየነጎደ የቀረው ጋዝ የያዘው ነው። ½ × 50.8 × 350² ብለው ቢያሰሉት ያው 3.1 ይመጣል። ሁለቱ ካልተገናኙ የሆነ ቦታ አንድ ፍጥነት ተዛብቷል፤ ስሌትን ለመፈተሽ ከዚህ የሚሻል መንገድ አናውቅም።

ነዳጁ በኪሎ ግራም ወደ 43 ሜጋ ጁል ይይዛል፤ 0.8 ኪሎ ግራም በሰከንድ 34.4 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ውስጥ 7.58ቱ ብቻ ወደ እንቅስቃሴ ተቀየረ፤ 22 በመቶ። ጠቅላላ ብቃቱ 13 በመቶ ሆነ። ሌላው ትኩስ ጋዝ ሆኖ ወጣ።

አዳዲሶቹ ሞተሮች ለምን እንደዚያ ሰፉ?

የመግፋት ብቃት በግምት 2 ÷ (1 + የመውጫ ፍጥነት ÷ የበረራ ፍጥነት) ነው። ለ600 እና ለ250 ይህ 0.59 ይሰጣል፤ መውጫው ወደ 350 ቢወርድ 0.83 ይደርሳል። ነገር ግን ፍጥነቱ ሲወርድ ያንኑ ገፊ ኃይል ለማግኘት የአየሩ ብዛት መጨመር አለበት። ፋኑ፣ ማለትም ሞተሩ ፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ፣ የሚሰፋው ለዚህ ነው።

በባይፓስ ሞተር፣ ማለትም ከፋኑ አየር ከፊሉ ማቃጠያውን ሳይነካ በዙሪያው በሚያልፍበት፣ ሁለቱን ጅረቶች ለየብቻ ማስላትና መደመር ነው። በመሐል 60 ኪሎ ግራም በሰከንድ በ450፣ በዙሪያው 300 ኪሎ ግራም በ290 ሜትር በሰከንድ ይውጣ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው፤ ከ737ቱ ሞተር መጠን ጋር ግን ይቀራረባሉ። ቆሞ ሳለ 27 + 87 = 114 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ከአራት እጅ ሦስቱ ከእሳት ጋር ያልተገናኘው ቀዝቃዛ አየር ነው። በ72 ሜትር በሰከንድ ሲሮጥ ደግሞ የመግቢያው ጎታች 360 × 72 = 26 ኪሎ ኒውተን ይበላበትና 88 ይቀራል። ፍጥነቱ ራሱ አየሩን ወደ ሞተሩ ስለሚጨምቅ እውነተኛው ኪሳራ ከዚህ በመጠኑ ያንሳል። ዋናው ነጥብ ግን አለ፤ ብዙ አየር በዝግታ የሚገፋ ሞተር ከፍጥነት ጋር ቶሎ ይደክማል። ፋን ማለቂያ የሌለው መፍትሔ ያልሆነው፣ ከድምፅ በላይ የሚበሩ የጦር ጄቶችም ጠባብ ሞተር የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 አውሮፕላንስ በዚሁ ይሰላል?

አዎ፤ ግን ከሌላኛው ጫፍ ይጀመራል። ለጄት ገፊ ኃይሉ ይታወቅና ጉልበቱ ይፈለጋል፤ ለቱርቦፕሮፕ (ተርባይኑ ፕሮፔለር ለሚያዞርበት ሞተር) የዘንጉ ጉልበት ይታወቅና ገፊ ኃይሉ ይፈለጋል። የኪው400 ሞተር እስከ 5,071 ፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 3,781 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ፕሮፔለሩ ባለ ስድስት ምላጭ ሆኖ የክቡ ወርድ 4.11 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 13.3 ካሬ ሜትር።

በሞመንተም ሕግ አየሩ ከሚጨመርለት ፍጥነት ግማሹን ፕሮፔለሩ ጋ ሲደርስ፣ ግማሹን ካለፈ በኋላ ያገኛል። ከዚህ ተነስቶ ቆሞ ሳለ የሚገኘው የመጨረሻው ጣሪያ የ(2 × እፍግታ × ስፋት × ጉልበት²) ሥርወ ኩብ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ይዟል ብለን በጎንደር የከሰዓት እፍግታ 0.923 ብናሰላው ወደ 70 ኪሎ ኒውተን ይመጣል፤ ባሕር ጠለል ላይ 77 ነበር። እፍግታው በሩብ ሲወርድ ገፊ ኃይሉ የወረደው በ9 በመቶ ብቻ ነው፤ ሥርወ ኩቡ ድንጋጤውን ይውጠዋል። ሞተሩ ራሱ በሳሳ አየር ጉልበት ከቀነሰ ያ ለብቻው ይጨመራል።

70 ኪሎ ኒውተኑ 660 ኪሎ ግራም ያህል አየር በሰከንድ ወደ 107 ሜትር በሰከንድ በመግፋት የሚገኝ ነው። እውነተኛ ፕሮፔለር ከዚህ ጣሪያ በታች ይውላል፤ አየሩ ይጠማዘዛል፣ ምላጩ ራሱ ይጎተታል፣ ጫፉ ላይ አየር ያመልጣል፣ መሐሉ ደግሞ ምንም አይገፋም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ገፊ ኃይል = ጉልበት ÷ የበረራ ፍጥነት የሚለውን ቀመር ቆሞ ላለ አውሮፕላን የሚያስገባ ሰው በዜሮ ያካፍልና ማለቂያ የሌለው ገፊ ኃይል ያገኛል። በዝቅተኛ ፍጥነት የሚሠራው ሥርወ ኩቡ ነው።

ኃይሉ የሞተሩ የትኛው ክፍል ላይ ያርፋል?

ብዙዎች ኖዝሉ ላይ ይመስላቸዋል። የሚጠበበው ኖዝል ግን ወደ ኋላ ነው የሚጎተተው። በአንድ የታወቀ የቱርቦጀት ስሌት ኮምፕሬሰሩ 19,049 ፓውንድ፣ ማስፊያ ቱቦው 2,186፣ ማቃጠያ ክፍሉ 34,182፣ የጭስ ቱቦው 2,419 ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ተርባይኑ 41,091፣ ኖዝሉ 5,587 ወደ ኋላ ይጎትታሉ። የተጣራው 11,158 ፓውንድ ነው፤ ከሞተር ማሰሪያ ብሎኖች በኩል ወደ አውሮፕላኑ የሚደርሰው ይኸው ብቻ ነው። ሳጥኑን በሞተሩ ዙሪያ ስንስለው ይህ ሁሉ የውስጥ ትግል ተጣፍቶ ስለሚመጣ ከስሌቱ ገላገለን።

ያለ ጄት ሞተር ሊሞከር ይችላል?

በውሃ ይቻላል። የደምቢያ ገበሬ ሽንኩርት የሚያጠጣበት የቤንዚን ውሃ ሞተር ይበቃል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበት ሰፈር ይልቅ እዚያው ማሳ ዳር መሞከር ይቀላል።

መጀመሪያ ፍሰቱን ይለኩ፦ 20 ሊትር ጀሪካን በ4 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር፣ ማለትም 5 ኪሎ ግራም ነው። የቱቦው ውስጣዊ ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ 2.55 ሜትር በሰከንድ፣ ኃይሉ 12.7 ኒውተን ነው። አሁን አፉ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማጥበቢያ ይግጠሙና ፍሰቱን እንደገና ይለኩ፤ መልሶ መለካቱ የግድ ነው፤ ማጥበብ ፍሰቱን ይቀንሳልና። ወደ 4 ሊትር ቢወርድ ፍጥነቱ 8.15፣ ኃይሉ 32.6 ኒውተን ይሆናል። ውሃው አንሶ ኃይሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጅረቱ የያዘው ጉልበት ግን ከ16 ወደ 133 ዋት ዘለለ። በመጀመሪያው አንድ ኒውተን 1.3 ዋት ያስወጣ ነበር፤ አሁን 4.1። ጠባቡ ቱርቦጀትና ሰፊው ፋን የሚለያዩበት ነገር ማሳ ዳር ቆሞ ይታያል።

ኃይሉን ለመለካት ጅረቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች፣ ሚዛን ላይ በተቀመጠ ጠፍጣፋ ሰሌዳ መሐል መልቀቅ ነው። 32.6 ኒውተን ሚዛኑ ላይ 3.3 ኪሎ ሆኖ ይነበባል። ሰሌዳው ጠርዝ አይኑረው፤ ጎድጓዳ ዕቃ ከሆነ ውሃው ወደ ላይ ስለሚመለስ ንባቡ እስከ እጥፍ ሊጋነን ይችላል፤ የተጠራቀመው ውሃ ክብደትም ይደመርበታል። የቱቦውን አፍ ወደ ሰሌዳው ያስጠጉ እንጂ አይንኩት፤ ከሩቅ ከተለቀቀ የስበት ኃይል ያፈጥነዋል።

ሲያርፍ ወደ ኋላ የሚገፋው እንዴት ነው?

ሞተሩ ወደ ኋላ አይዞርም። የፋኑ አየር ብቻ በጎን ተከፍቶ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የመሐሉ ትኩስ ጋዝ እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ይወጣል፣ ማለትም ሥራውን ይቃወመዋል። ፋኑ 200 ኪሎ ግራም በ180 ሜትር በሰከንድ በ45 ዲግሪ ወደ ፊት ይጣል፤ መሐሉ 40 ኪሎ ግራም በ300 ይውጣ፤ አውሮፕላኑ በ60 ሜትር በሰከንድ ይሩጥ። የፋኑ አየር የፊት ፍጥነት 127 ነው። እዚህ ላይ ምልክቱን ያስተውሉ፦ የመግቢያ ጎታቹ አሁን አጋዥ ስለሆነ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። 200 × (127 + 60) − 40 × (300 − 60) = 37.4 − 9.6 = ወደ 28 ኪሎ ኒውተን ማቆሚያ ይገኛል። ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ሲወርድ ግን 29.4 − 11.2 = 18 ብቻ ይቀራል።

ጥቅሙ በፍጥነት ሳለ ነው፤ ክረምት ላይ ማኮብኮቢያው እርጥብ ሆኖ የጎማ ፍሬን ሲያንሸራትት ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ይጎላል። አብራሪዎች ወደ 60 ኖት ሲወርዱ ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት ኃይሉ ስለሳሳ ብቻ አይደለም። በዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ፊት የተጣለው አየር ከመግቢያው ቀድሞ ይሄድና ጠጠርና አቧራ አንስቶ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ያኔ የሳጥናችን የፊት ግድግዳ ያልተረበሸ አየር ላይ ነው ያልነው ግምት ፈረሰ፤ ከላይ ያለው ቀመርም አይሠራም።